ቆራሌው በር ከማንኳኳቱ በፊት፦ በሀዋሳ ቤት እያራገፉ ገንዘብ ማግኛ መመሪያ

ጠዋት አቶቴም ሆነ ታቦር ውስጥ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ሲያልፍ የብዙ ቤት ልማድ አንድ ነው። ሰርቪስ ቤት ጥግ የተጠራቀመው ሁሉ ተግበስብሶ ደጅ ይወጣል። ልጁ ክምሩን በእግሩ ገፋ ገፋ አድርጎ ያየውና «እትዬ፣ ሁሉንም ጠቅልዬ ልውሰድልዎት?» ይላል። ክምሩ ውስጥ የተቃጠለ የውኃ ፓምፕ አለ፤ የሞተሩ መዳብ ብቻውን ለጠቅላላው ከተከፈለው ሊበልጥ ይችላል። ልጁ አላጭበረበረም። ጠቅልሎ የሚገዛ ሰው ዋጋ የሚያወጣው ክምሩ ውስጥ ባለው ርካሽ ነገር ስለሆነ ነው። ገንዘቡ የሚጠፋው ድርድሩ ላይ ሳይሆን ከድርድሩ በፊት፣ ዕቃው ሳይለይ ሲወጣ ነው።

እዚህ በብር የተጻፈ የዋጋ ዝርዝር የለም። የብረትም የካርቶንም ኪሎ ዛሬና ከወር በኋላ አንድ አይሆንም፤ ያረጀ ዝርዝር ይዞ መደራደር ደግሞ ባዶ እጅ ከመደራደር ይብሳል። ዋጋውን ራሳችሁ የምታገኙበት መንገድ ግን አለ፤ ወደ ታች ይመጣል።

ዝግጅት

ስድስት ባዶ ማዳበሪያ፣ አንድ ማርከር፣ ሲባጎ፣ ወፍራም ጓንት፣ ማግኔትና ሚዛን ያስፈልጋል። ማግኔት መግዛት አያስፈልግም፤ ከሞተ ሬዲዮ ወይም ከተቀደደ ስፒከር ኋላ ያለችው ክብ ጥቁር ነገር ማግኔት ናት። ሚዛኑ በእጅ የሚንጠለጠለው ዓይነት ይበቃል፤ ከሌላችሁ ከሰፈር ሱቅ ተዋሱ።

ሚዛን ከመታመኑ በፊት ይፈተናል። ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ እስከ አፉ ውኃ ሞልታችሁ ስቀሉት። ሁለት ኪሎ ማለት አለበት፤ የፕላስቲኩ ክብደት ጥቂት አሥር ግራም ስለሆነ አይቆጠርም። ከፍ ላለው ክብደት ሃያ ሊትር ጄሪካን ውኃ ሙሉ፤ ከጄሪካኑ ጋር 21 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ይህችው ሁለት ሊትር በኋላ ቆራሌው ሲመጣም ታገለግላለች። ጭቅጭቅ ሳያስፈልግ «የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ ይቺን መዝንልኝ» ማለት ብቻ ነው። ሚዛኑ አንድ ኪሎ ተኩል ካለ ሁለታችሁም ገብቷችኋል።

ከየት ይጀመራል

ከቁም ሳጥን አትጀምሩ። ቁም ሳጥን ትዝታና ክርክር የሞላበት ነው፤ የአንዲት ቀሚስ ወሬ ግማሽ ቀን ይበላል። ከሰርቪስ ቤት፣ ከአልጋ ሥር፣ ከቡፌ ላይ፣ ከኩሽና በር ኋላ ጀምሩ። በአንድ ጊዜ አንድ ጥግ ብቻ፣ ቢበዛ ለሁለት ሰዓት። ቤቱን በሙሉ በአንድ ቅዳሜ አወጣለሁ ያለ ሰው ማታ መተኛ አጥቶ ዕቃውን መልሶ ይከታል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ተደበላልቆ።

መለያ ጥያቄው አጭር ነው፦ ካለፈው መስቀል ወዲህ ማን ነካው? ማንም ካልነካው ይወጣል። የዓመት ዕቃ ግን ከዚህ ውጭ ነው፤ ትልቁ ድስት፣ የጠላ ጋን፣ የበዓል ረከቦት በዓመት አንዴ ቢነኩም ሥራቸው ያው ነው።

ከዚህ በፊት የሚቀድም አንድ ጥንቃቄ አለ። የማን ዕቃ ነው? ድስት፣ ትሪና ብረት ምጣድ ገልብጡና ሥሩን እዩ። በቀለም የተቀባ ነጥብ፣ በሚስማር የተጫረ ፊደል ወይም ቁጥር ካለበት የእድር ወይም የጎረቤት ዕቃ ሊሆን ይችላል፤ ካለፈው ለቅሶ ወይም ሠርግ ተርፎ ቤታችሁ የቀረ። የእድር ድስት ሸጦ መገኘት በሀዋሳ ሰፈር ውስጥ በቀላሉ አይረሳም። እንዲሁም የሟች ወላጅ ልብስ፣ የሠርግ ስጦታና የልጆች ዕቃ ባለቤቱ ሳይጠየቅ ወደ ማዳበሪያ አይግባ።

ስድስቱ ማዳበሪያዎች

በማርከር ጻፉባቸው፦ «የሚሠራ»፣ «ለጠጋኝ»፣ «ልብስ»፣ «መያዣ»፣ «በኪሎ»፣ «የማይሸጥ»። ትልልቁ ዕቃ ማዳበሪያ ውስጥ አይገባም፤ ስሙን በወረቀት ጽፋችሁ በፕላስተር ለጥፉበት። ዋናው ሕግ አንድ ነው፦ ማንኛውም ዕቃ ወደ «በኪሎ» የሚገባው ከላይ ያሉት አራቱ ካልተቀበሉት ብቻ ነው። የሚሠራ ካውያ በኪሎ መሸጥ በግ በቆዳው ዋጋ መሸጥ ነው።

የሚሠራ ዕቃ፦ መሥራቱን ማሳየት

ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ዋጋ የሚቆርጠው በጥርጣሬው ልክ ነው። ስለዚህ ሥራችሁ ማሞገስ ሳይሆን ጥርጣሬውን አንድ በአንድ ማንሳት ነው።

ፍሪጅን እንውሰድ። ገዢው ከመድረሱ ከሦስት ሰዓት በፊት ሰኩት፤ ባዶና ሙቅ ፍሪጅ «ይሠራል» ቢባል ማንም አያምንም። የመብራት ነገር አይታወቅምና ከዚያ በፊት ባለው ቀን በረዶ ቤቱ ውስጥ የገባ ውኃ በረዶ ሆኖ ሲወጣ ቪዲዮ ቅረጹ፤ ገዢው ሲመጣ መብራት ቢጠፋ ማሳያ ይኖራችኋል። የበሩን ላስቲክ በወረቀት ፈትኑ። አንድ ወረቀት በሩና አካሉ መካከል አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡ፤ ያለምንም መያዝ ከወጣ ላስቲኩ አየር ያስገባል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ችግሩ መበላሸት ሳይሆን ቆሻሻ ነው፤ በሞቀ ውኃና በሳሙና ጨርቅ በደንብ ሲታጠብ ተመልሶ ይይዛል።

በረዶውን በቢላ አትፈልቅቁ። ከበረዶው ሥር ጋዝ የሚሄድበት ስስ ቱቦ አለ፤ ቢላዋ ከበሳው በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚሠራ ፍሪጅ ወደ ብረት ይለወጣል። ነቅላችሁ በሩን ከፍታችሁ አሳድሩት። ሲጓጓዝ ቆሞ ይሂድ። ባጃጅ ላይ ወይም ጋሪ ላይ ከተጋደመ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቱቦ ይገባልና ገዢው ቤቱ እንዳደረሰ እንዳይሰካው፣ ቆሞ አንድ ቀን እንዲያድር ንገሩት። ይህን ሳትነግሩ ቀርታችሁ ኮምፕሬሰሩ ቢቃጠል «የተበላሸ ሸጡልኝ» ብሎ የሚመለሰው ወደ እናንተ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ሸክላው ስለተሰነጠቀ ብቻ አይጣልም። ሸክላውም ሬዚስታንሱም የሚቀየር ነገር ነው፤ ዋጋ ያለው ክዳኑ፣ ጣውላው ወይም ብረት አካሉና እግሩ ነው። «ሸክላው ይቀየራል» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። የገመዱን ሶኬት ግን እዩት፤ ምጣድ ብዙ ኃይል ስለሚስብ የላላ ሶኬት ይቀልጣል፣ የቀለጠ ሶኬት ያየ ገዢ ደግሞ ሌላውንም ይጠረጥራል። ሶኬቱን ቀይራችሁ መሸጥ ከምታወጡት ወጪ በላይ ይመልሳል።

አልጋ፣ ቁም ሳጥንና ሶፋ ላይ የሀዋሳ ሁለት ጠላቶች አሉ፦ ምስጥና እርጥበት። በተለይ ሀይቅ ዳር አካባቢ ባሉ ቤቶች ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ የቆየ ዕቃ ኋላው ይሻግታል። ዕቃውን ከግድግዳ አውጥታችሁ ጀርባውን እዩ። የምስጥ አፈር ወይም ከእግሩ ሥር የደቀቀ የእንጨት ዱቄት ካለ መጀመሪያ ፀሐይ ላይ አውጥታችሁ በነጭ ጋዝ እሹት፤ በዚህ መሐል ክብሪት በአጠገቡ አይለፍ። ዋንዛና ጽድ ተጠርቦ ሊታደስ ይችላል። የተጨመቀ የእንጨት ዱቄት ሰሌዳ ግን ውኃ ጠጥቶ ካበጠ አይመለስም፤ እሱን በማደስ ቀን አታጥፉ።

ለሚታደሰው 120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ 240፣ ከዚያ ስስ ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ ይበቃል። በክረምት ቫርኒሽ አትቀቡ፤ እርጥበቱ ነጭ ጉም አድርጎ ያስቀረዋል። ፍራሽ ሁለት ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ይዋል፤ ሽታው ካልለቀቀው አትሸጡት። ቱኋን ያለበት ፍራሽማ ለማንም አይሰጥም።

ልኬት ሁልጊዜ ይጻፍ። «ትልቅ ቡፌ» ምንም አይናገርም። «ቁመት 1 ሜትር ከ90፣ ወርድ 1 ሜትር ከ60፣ ሁለት ቦታ ይፈታል» የሚለው ገዢው በሩ ላይ ደርሶ «አይገባም» እንዳይል ያደርጋል።

ፎቶውና ማስታወቂያው

አራት ፎቶ ይበቃል፦ ፊቱ፣ ውስጡ፣ ሞዴሉ የተጻፈበት ሰሌዳና ጉድለቱ። ጉድለቱን ፎቶ ማንሳት ለብዙ ሰው ሞኝነት ይመስላል። ነገር ግን ጉድለቱን ቀድሞ ያየ ሰው ተደራድሮ ነው የሚመጣው፤ በሩ ላይ ያገኘው ሰው ግን ከጉድለቱ ዋጋ እጥፍ ይቀንሳል። ከጠዋቱ ሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ብርሃን አንሱ፤ እኩለ ቀን ላይ ያለው ፀሐይ ጥላ ያበዛል።

አጻጻፉ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ባለ አንድ በር ፍሪጅ። 5 ዓመት ያገለገለ፣ በደንብ ያቀዘቅዛል፣ ሠርቶ ይታያል። ቁመት 1 ሜትር ከ20፣ ወርድ 55 ሳ.ሜ.። የታችኛው መሳቢያ ተሰንጥቋል፤ አራተኛው ፎቶ ላይ አለ። ስታቢላይዘር ለብቻው ይሸጣል። አቶቴ። ማጓጓዣ በገዢ። ዋጋ ይሄን ያህል፤ ትንሽ ድርድር አለው።»

«ዋጋ በውስጥ» ብላችሁ አትጻፉ። ሃምሳ ሰው ይጠይቃል፣ አንዱም አይመጣም። የምትለጥፉት የከተማውን ዕቃ በሚሸጡ የቴሌግራም ቻናሎች፣ በፌስቡክ የሽያጭ ገጾችና ጂጂ በሚባለው የኢንተርኔት መሸጫ ላይ ነው። ትንንሹን ዕቃ ግን የሰፈር ሱቅ በር ላይ የተለጠፈች ወረቀት ቀድማ ትሸጠዋለች፤ ለአንድ ባልዲ ከሞኖፖል እስከ ዳቶ የሚመጣ ሰው የለም። ደላላ ካስገባችሁ ሁለት ነገር ቀድማችሁ ቁረጡ፦ ኮሚሽኑ ከማን ነው የሚወሰደው፣ እናንተ ከነገራችሁት ዋጋ በላይ ቢሸጥ ትርፉ የማን ነው? ያልተቆረጠ ነገር በደላላው በኩል ይቆረጣል።

ዋጋ ለማውጣት ሦስት ቁጥር ይዛችሁ ተነሱ፦ አዲሱ ሱቅ ውስጥ ስንት ነው፣ ያገለገለው ተመሳሳይ ዕቃ ስንት እየተለጠፈ ነው፣ በኪሎ ቢሸጥ ስንት ያወጣል። የመጨረሻው ቁጥር ዝቅተኛ ዋጋችሁ ነው፤ ከሱ በታች የሚጠይቅ ሰው ጋር ወሬ አይረዝምም። በእኛ ግምት ደህና ይዞታ ላይ ያለ ዕቃ ከአዲሱ ዋጋ በግማሽ ተጠርቶ በሲሶና በግማሽ መካከል ያርፋል። ስትጠሩ ከመጨረሻ ዋጋችሁ ላይ ከመቶ አሥራ አምስት ያህል ጨምሩ፤ ተከራክሮ ያላስቀነሰ ገዢ ዕቃውን ራሱ ይጠራጠራል።

ጊዜው ደግሞ ከዋጋው እኩል ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ተመርቋል፤ በዙሪያው ተሰብስበው ቤት የሚከራዩ ሠራተኞች የሚፈልጉት የዘጠና ሳንቲ ሜትር ፍራሽ፣ ስቶቭ፣ ባልዲ፣ ትንሽ ድስትና መስታወት ነው። ለእነሱ የምትሸጡ ከሆነ ደመወዝ በወጣ ሳምንት ለጥፉ። ሶፋና መጋረጃ ከፊቼ ጨምበላላ፣ ከአዲስ ዓመትና ከፋሲካ በፊት ባሉት ሦስት ሳምንታት ይሄዳል። የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች ሲወጡ ደግሞ ገበያው በአልጋና በጠረጴዛ ይጥለቀለቃል፤ ያን ሳምንት መግዣ እንጂ መሸጫ አይደለም።

ስልክና ኮምፒውተር

ከሁሉ ቀድመው ይሸጡ። ሶፋ አንድ ዓመት ቢቆይ ያው ሶፋ ነው፤ ስልክ ግን መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦም ዋጋው ይወርዳል፣ ባትሪውም ሊያብጥ ይችላል።

ቅደም ተከተሉን አትዝለሉት። መጀመሪያ ፎቶና ስልክ ቁጥሮችን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ። ሲምና ሚሞሪ ካርድ አውጡ። ከቴሌብር፣ ከባንክ መተግበሪያና ከቴሌግራም ውጡ። ቀጥሎ ሴቲንግ ውስጥ አካውንት ከሚለው የጉግል አካውንታችሁን አጥፉ፤ ፋክተሪ ሪሴት የሚደረገው ከዚህ በኋላ ነው። አካውንቱን ሳታጠፉ ሪሴት ካደረጋችሁ ስልኩ ሲከፈት የድሮውን ኢሜይልና ፓስወርድ ይጠይቃል፤ ገዢው ማታ ይደውላል፣ እናንተ ፓስወርዱን ረስታችኋል፣ ሽያጩ ይፈርሳል። አይፎን ከሆነ ከአይክላውድ መውጣትና «ፋይንድ ማይ» የሚለውን መዝጋት የግድ ነው።

በ*#06# የሚወጣውን የአይኤምኢአይ ቁጥር ጻፉ። አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ቀን፣ የስልኩ ዓይነት፣ ይህ ቁጥር፣ የሁለታችሁ ስምና ፊርማ ይስፈር፤ በሁለት ቅጂ። ገዢውን ከተሰረቀ ዕቃ ጥርጣሬ ያድነዋል፤ ነገ በዚያ ስልክ አንዳች ነገር ቢሠራበት እናንተንም ያድናችኋል። ካርቶኑና ደረሰኙ ካሉ ዋጋው ከፍ ይላል።

ክፍያ

ዕቃው ከእጃችሁ የሚወጣው ገንዘቡ ሒሳባችሁ ውስጥ ሲታይ ነው። የተላከ መስሎ የተዘጋጀ ስክሪንሾት ማሳየት የተለመደ ማጭበርበር ነው። ገዢው ስልኩን ሲያሳያችሁ አትዩት፤ የራሳችሁን አውጡና በቴሌብር ከሆነ *127#፣ በንግድ ባንክ ከሆነ *889# ደውላችሁ ቀሪ ሒሳባችሁን እዩ። ከሌላ ተራ ቁጥር የመጣ «ገንዘብ ገብቶልዎታል» የሚል መልእክት ማስረጃ አይደለም።

ሌላው ዘዴ «ተሳስቼ አብዝቼ ላክሁ፣ ትርፉን መልሱልኝ» የሚለው ነው። ሒሳቡ ውስጥ ካልገባ የሚመለስ ትርፍ የለም። «የመጣልዎትን ኮድ ንገሩኝ» ያለ ሰው ጋር ደግሞ ስልኩን ወዲያው ዝጉ፤ ዕቃ ለመግዛት የናንተ ኮድ አያስፈልግም። ስልክና ላፕቶፕ የመሰለውን ቀን ላይ፣ ሰው በሚበዛበት ቦታ፣ ባንክ ደጃፍ ላይ አስረክቡ። ገዢው ቤት መምጣት ካለበት ሁለት ሰው ሆናችሁ ጠብቁት።

የተበላሸ፦ ከቆራሌው በፊት ለጠጋኝ

የማይሠራ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ ጄኔሬተር ወይም ልብስ ማጠቢያ ለጠጋኙ የመለዋወጫ ሱቅ ነው። ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ስክሪኑ ቢሰበርም ቦርዱና ስፒከሩ ይፈለጋል፤ ስክሪኑ ደህና ሆኖ ካልበራ ደግሞ የበለጠ። ሁለት ጠጋኝ ጠይቁ፤ አንዱ ሲጠግን ስንት እንደሚያስከፍል፣ ሌላው ባለበት ስንት እንደሚገዛ። የመጠገኛው ዋጋ ዕቃው ተጠግኖ ከሚያወጣው ከሲሶ በላይ ከሆነ አታስጠግኑ፣ ባለበት ሽጡ።

ጀርባው የወጣው የድሮ ቴሌቪዥን ብዙም አይፈለግም። ልጆች እንዳይሰብሩት፤ መስታወቱ ውስጥ እርሳስ አለ፣ ቱቦው አየር የሌለው ስለሆነ ሲሰበር ስብርባሪው ይፈናጠራል። ለጠጋኝ በነፃም ቢሆን ስጡት።

በኪሎ፦ ገንዘቡ እዚህ ይለያል

ማግኔቱ አሁን ሥራ አለው። የሚይዘው ሁሉ ብረት ነው፤ በአንድ ማዳበሪያ ይሁን። የማይይዘውን በቀለሙ ለዩ። ቀይ ከሆነ መዳብ ነው፦ የሞተር ጥቅል፣ ወፍራም የመብራት ገመድ፣ የፍሪጅ ቱቦ። ቢጫ ከሆነ ነሐስ ነው፦ የድሮ ቧንቧ ራስ፣ የቁልፍ ጋን፣ የስቶቭ ራስ። ነጭና ቀላል ከሆነ አሉሚኒየም ነው፦ ብረት ድስት ተብሎ የሚጠራው የቤት ድስት፣ የመስኮት ፍሬም፣ አንዳንድ ዲሽ። ዲሹን በማግኔት ሳትሞክሩ አትሽጡ፤ ከሩቅ አንድ ይመስላሉ፣ አንዱ ግን ቆርቆሮ ነው። ማግኔት የማይይዝ ከባድና የሚያብረቀርቅ ማንኪያ ወይም ሲንክ ከሆነ የማይዝግ ብረት ሊሆን ስለሚችል ለብቻው አስቀምጡ።

በዋጋ ቅደም ተከተላቸው መዳብ ከላይ፣ ነሐስ ቀጥሎ፣ አሉሚኒየም ከዚያ፣ ብረት ከታች ነው። በላይኛውና በታችኛው መካከል ያለው ልዩነት ብዙ እጥፍ ነው። 20 ኪሎ ክምር ውስጥ ሁለት ኪሎ መዳብ ተደብቆ «የብረት ዋጋ» ሲሸጥ፣ ሁለቱ ኪሎ ከቀሪው 18 ጋር ሊስተካከል ይችል ነበር።

ሦስት ስህተት ደጋግሞ ይታያል። አንደኛው ገመድ ማቃጠል ነው። የላስቲኩ ጭስ መርዝ ነው፤ የተቃጠለ መዳብም ጠቁሮ ስለሚወጣ ዋጋው ይወርዳል። ወፍራሙን በቢላ ላጡት፣ እንደ ቻርጀር ያለውን ቀጭን ግን ከነላስቲኩ ሽጡ፤ ለጥቂት ግራም ጣት አትቁረጡ። ሁለተኛው የመኪና ወይም የሶላር ባትሪ ውኃ ደፍቶ መሸጥ ነው። ያ «ውኃ» አሲድ ነው፤ ቆዳ ይበላል፣ የደፋችሁበት አፈር ላይም እርሳስ ይቀራል። ባትሪ ሳይጋደም፣ ክዳኑ ተዘግቶ፣ ለባትሪ ገዢ ለብቻው ይሸጣል። ሦስተኛው የመንገድ ወይም የመብራት ኃይል ንብረት የሚመስል ገመድና ብረት ክምሩ ውስጥ መቀላቀል ነው፤ ግቢያችሁ ወድቆ የተገኘ ቢሆንም እንኳ ከየት መጣ ለሚለው ጥያቄ መልስ አይኖራችሁም።

ሃይላንድ በኪሎ ሲሸጥ ትዕግሥት ይጠይቃል። አንድ ኪሎ ለመሙላት ከግማሽ ሊትሩ 70 እስከ 100 ጠርሙስ ያስፈልጋል። ስለዚህ ረግጣችሁ አሳንሱት፣ ክዳኑን አውልቃችሁ ለብቻ አድርጉ፤ ክዳኑ ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ነው። ካርቶን ደረቅ ይሁን። ውኃ ጨምሮ ኪሎ የሚያበዛ ሰው አለ፤ ገዢው እጁን ከሥር ሲያስገባ ይገባዋል፣ ከዚያ በኋላ የደረቀውንም ይቀንስበታል። በአንድ ግቢ ያሉ አባወራዎች ካርቶናቸውን አንድ ላይ ቢያጠራቅሙና ሃምሳ ኪሎ ሲሞላ ተረካቢ ቢጠሩ በእጅ ከሚሸጠው የተሻለ ያገኛሉ።

ወረቀት ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዛሬ የሸጣችሁት ደብተርና ወረቀት ነገ የቆሎ መጠቅለያ ነው። የሕክምና ካርድ፣ የባንክ ወረቀት፣ የመታወቂያ ኮፒና ፊርማችሁ ያለበት ውል ተቀዶ ይውጣ። የትምህርት መጻሕፍት ከአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በፊት የታተሙ ከሆኑ፣ ማለትም ከ2015 ዓ.ም. በፊት፣ በአብዛኛው ወረቀት ሆነዋል። ልብ ወለድ፣ መዝገበ ቃላትና የዩኒቨርሲቲ ማጣቀሻ ግን ለአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ እንጂ ለኪሎ አይሆንም።

መያዣ ዕቃ

ጄሪካን፣ ብልቃጥ፣ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድና የዘይት ባልዲ በኪሎ ሳይሆን በቁጥር ይሸጣሉ። ማር፣ ዘይት፣ ወተትና አረቄ የሚቸረችሩ ሰዎች ይፈልጓቸዋል። በሞቀ ውኃ፣ በሳሙናና በጥቂት ደረቅ አሸዋ አናውጡና እጠቡ፤ አፋቸውን ወደ ታች ደፍታችሁ አድርቁ። የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ ከነሳጥኑ 24ቱ ሲሟላ ዋጋ አለው፤ ሳጥኑ የሌለው ጠርሙስ ብዙ ግሮሰሪ አይቀበልም።

የፀረ ተባይ መድኃኒት፣ የቀለም፣ የአሲድ ወይም የነዳጅ ጄሪካን ግን ምንም ቢታጠብ ለምግብ አይሸጥም። በሚስማር ሦስት አራት ቦታ ብሱትና ከፕላስቲኩ ጋር በኪሎ ይሂድ። ካልበሳችሁት ቆራሌው ይሸጠዋል፣ አንዷ እናት ውኃ ትቀዳበታለች።

ልብስና ልዋጭ

ልዋጭ ይዞ የሚዞረው ነጋዴ ጥሩ አማራጭ የሚሆነው አንድ ስሌት ከሠራችሁ ብቻ ነው፦ የሚሰጣችሁ ሳፋ ሱቅ ውስጥ ስንት ነው፣ ያቀረባችሁት ልብስ ደግሞ ያገለገለ ልብስ በሚሸጥበት ተራ ስንት ያወጣል። ነጋዴው ሳፋውን አስቀምጦ «ጨምሩበት፣ አንድ ሱሪ ጨምሩበት» ማለቱ ሥራው ነው። ደህናውን ጂንስ፣ ጃኬትና ቆዳ ጫማ አስቀድማችሁ ከክምሩ አውጡ፤ ልዋጭ ለተረፈው ይሁን።

የሕፃናት ልብስ በዕድሜ ታስሮ ሲሸጥ ይሄዳል። ከስድስት ወር እስከ ዓመት የሚሆን አሥር ልብስ በአንድ ላይ አድርጉ። የሐበሻ ቀሚስ አካሉ ቢያልቅ እንኳ ጥለቱ ደህና ከሆነ ተፈትቶ ሌላ ላይ ይሰፋል፤ ለሰፊ አሳዩት። የነተበ ጋቢና አንሶላ ለጋራዥና ለመኪና ማጠቢያ መወልወያ ይሆናል።

ግቢው

ዕቃችሁን ለማሳየት አስፋልት ዳር አትዘርጉ። ደንብ አስከባሪ ካነሳው ለማስመለስ የምትሮጡት ሩጫ ዕቃው ከሚያወጣው ይበልጣል። ከጎረቤት ጋር ተነጋግራችሁ ቅዳሜ ጠዋት በራችሁን ከፍታችሁ ግቢ ውስጥ ደርድሩ። ዋጋ የተጻፈባት ወረቀት በእያንዳንዱ ላይ ትለጠፍ፤ ዋጋ ለመጠየቅ የሚያፍር ሰው አለ። ለትልቅ ዕቃ የጫኝና አውራጅ ክፍያ የማን እንደሆነ ከሽያጩ በፊት ይታወቅ፤ ጭቅጭቁ የሚነሳው ሶፋው በር ላይ ከተሰነቀረ በኋላ ነው።

አሮጌ ጎማና የተሰበረ ባልዲ ባይሸጥም ከግቢ ይውጣ። ዝናብ ውኃ ካቆረበት የትንኝ መራቢያ ነው፤ ሀይቅ ላለበት ከተማ ትንኝ ማርባት አያስፈልገውም። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ለመድኃኒት ቤት ይመለስ። ይሄ «የማይሸጥ» ያልነው ማዳበሪያ ነው። በሁለት ሳምንት ያልተሸጠው ደግሞ ዋጋው አንዴ ይቀነስ፣ በሦስተኛው ሳምንት ቆራሌው ይጠራ። አሁን ሲመጣ ግን ብረቱ በአንድ፣ አሉሚኒየሙ በአንድ፣ ፕላስቲኩ በአንድ ታስሮ፣ ኪሎው በማርከር ተጽፎበት ይቆየዋል። «ጠቅልዬ ልውሰድ?» የሚለው ጥያቄ አይነሳም።

ባዶ የወጣው ክፍል

ሰርቪስ ቤቱ ከተራገፈ በኋላ ካልተጠነቀቃችሁ በስድስት ወር ይሞላል። ማከራየቱ ከሁሉም ሽያጭ በላይ የሚመልስ ነው፤ ዕቃ አንዴ ይሸጣል፣ ክፍል በየወሩ ይከፍላል። ግድግዳውን ከእርጥበት አድርቁ፣ ኖራ ወይም ቀለም ቀቡ፣ በሩ ላይ የራሱ ቁልፍ ይኑር። ዓመት ሙሉ ተከራይ ማኖር የማይፈልግ ቤተሰብ ለታኅሣሥ 19 እና ለሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ ለሚመጡ እንግዶች ለጥቂት ሌሊት ሊያከራይ ይችላል፤ በእነዚያ ቀናት መኝታ ይጠፋል። ሁለት ፍራሽ ሳትሸጡ የምታስቀሩት ለዚህ ከሆነ ነው። የእንግዳውን መታወቂያ ኮፒ ያዙ።

ለወር ከሆነ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ከዚያም የመብራቱ ነገር ሳይቆረጥ ቁልፍ አትስጡ። ቆጣሪው አንድ ከሆነ ተከራዩ ምጣድ ይጋግራል ወይስ አይጋግርም? ይጋግራል ከተባለ በሳምንት ስንት ቀን? አምፖልና ስልክ ቻርጅ ብቻ ለሚጠቀም ተከራይ ቁርጥ ሒሳብ ይበቃል፤ ምጣድ ለሚጠቀም ግን ሌላ የውስጥ ቆጣሪ አስገብታችሁ በየወሩ መጨረሻ ንባቡን ሁለታችሁ ቆማችሁ ጻፉት።